ያውቁ ኖሯል? ያለ ቢላዋ የሚቆርጠው ማሽን

ድንቅነሽ ሲቲ ስካን ተነሥታ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካን በምትዞርበት ወቅት ኦስተን ወደሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተወስዳ፣ አሥር ቀን ሙሉ አጥንቷ አንድ በአንድ በማሽን ታየ። ከ35,000 በላይ ስስ ቁራጭ ምስሎች ተነሡላት። 3.18 ሚሊዮን ዓመት የኖረ አጥንት ድንጋይ ሆኗልና ማሽኑም ለድንጋይና ለቅሪተ አካል ተብሎ የተሠራ፣ ከሆስፒታሉ ማሽን ይልቅ ረቂቅ ነገር የሚለይ ነበር። በ2016 ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ ምስሎቹን አጥንተው፣ በቀኝ ትከሻዋ አካባቢ ያለው ስብራት ከረጅም ዛፍ ወድቃ መሞቷን ያመለክታል ሲሉ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ጻፉ። ያገኛት ዶናልድ ጆሃንሰን ግን አልተቀበለውም፤ አጥንት ከሞት በኋላም አፈር ውስጥ ይሰባበራል ባይ ነው። የማንኛቸውም ሐሳብ ቢረታ፣ ይህ ሁሉ ሲመረመር አጥንቷ ላይ አንድም መጋዝ አላረፈም።

የዛሬው ወጋችን ስለዚሁ ማሽን ነው። ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ራጅ» የምንለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ መሆኑንስ? «ራጂ» ማለት «ጨረሮች» ማለት ነው። «ቶሞግራፊ» ደግሞ ከግሪክኛ ነው፤ «ቶሞስ» ቁራጭ ነው። ሲቲ ሲባል እንግዲህ በኮምፒውተር ተሰልቶ የወጣ የቁራጭ ሥዕል ማለት ነው። ብዙዎቻችን ስለ ጨረሩ እንጨነቃለን፤ የማሽኑ ምሥጢር ግን ስሌቱ ውስጥ ነው።

በጦርነት ለቆሰለ ወታደር የተነሣው የመጀመሪያው ራጅ ከእኛ ታሪክ ጋር የተሳሰረ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ጀርመናዊው ዊልሄልም ሮንትገን በቩርትስቡርግ ከተማ ጨረሩን ያገኘው ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ነበር። አራት ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የዓድዋ ጦርነት ሆነ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ኔፕልስ በሚገኘው ወታደራዊ ሆስፒታል ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ፣ በኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ የሁለት ወታደሮችን ክንድ ራጅ አንሥቶ ጥይቱ የት እንደተቀበረ አየ። የወታደራዊ ሕክምና ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ራጅ ለጦር ቁስለኛ የዋለበትን መጀመሪያ ከዚህ ይቆጥራሉ።

ሮንትገን ለግኝቱ የባለቤትነት መብት አላስመዘገበም። የዓለም ሁሉ ይሁን ብሎ ተወው። በ1901 የተሰጠው የመጀመሪያው የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የእሱ ነው።

ተራ ራጅ ጥላ መሆኑን ልብ ብለውት ያውቃሉ? የደረት ራጅ ላይ የፊት ጎድን፣ ልብ፣ ሳንባ፣ የጀርባ አጥንት ሁሉም በአንድ ላይ ተደራርበው ነው የሚታዩት። የአንድ መጽሐፍ ገጾች በሙሉ በአንዲት ወረቀት ላይ ቢታተሙ ምን ያህል ይነበባል? አጥንት ጎላ ያለ ፊደል ስለሆነ ይነበባል። የጉበት ዕጢ ግን ደቃቅ ጽሕፈት ነው፤ በላዩ ላይ በተጻፈው ይዋጣል። ሲቲ ስካን መጽሐፉን ገጽ በገጽ ይገልጠዋል።

ከዚያ በፊት የአንጎልን ውስጥ ለማየት ምን ይደረግ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ይህ ማሽን ስንት ሥቃይ እንዳስቀረ አይገባንም። የራስ ቅል አጥንት ነውና በተራ ራጅ ውስጡ ያለው ለስላሳ አካል አይለይም። ስለዚህ ከ1919 ጀምሮ ሐኪሞች በመርፌ ከአከርካሪ ውስጥ ፈሳሽ ቀድተው በምትኩ አየር ያስገቡ ነበር። አየሩ ወደ አንጎል ክፍተቶች ሲወጣ በራጅ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ክፍተቱ የተጣመመ እንደሆነ ዕጢ አለ ብለው ይገምታሉ። በሽተኛው እየተገላበጠ፣ እያስመለሰው፣ ራሱ ሊፈነዳ እስኪደርስ እያመመው ነበር። ሥቃዩ ከምርመራው በኋላም ቀናት ይወስድ ነበር። ይህ ዘዴ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አገልግሏል።

ለሲቲ ስካን አንድ መነሻ የሆነው ውርጭ የመታው ብርቱካን መሆኑን ያውቁ ኖሯል? በሎስ አንጀለስ ዊልያም ኦልደንዶርፍ የሚባል የነርቭ ሐኪም ነበር። ብርቱካን የሚለዩ መሐንዲሶች ልጣጩን ሳይነኩ ውርጭ ያደረቀውን ከደኅናው የሚለይ መሣሪያ ሊሠሩ ሲያስቡ ሰማ። ብርቱካንና ራስ ቅል ለእሱ አንድ ጥያቄ ሆኑበት። ከልጁ መጫወቻ ባቡር ሐዲድ፣ ከሸክላ ማጫወቻና ከሰዓት ሞተር ሞዴል ሠራ። በፕላስቲክ ላይ ምስማሮች ክብ አድርጎ ተከለ፤ መሐል ላይ አንድ የብረትና አንድ የአሉሚኒየም ምስማር አቆመ። ጨረሩ በዙሪያው ያለውን የምስማር አጥር አልፎ መሐል ያሉትን ሁለቱን ለየ። ውጤቱን በ1961 አሳተመ፣ በ1963 የባለቤትነት መብት አገኘ። ይዞት የሄደበት የራጅ ማሽን አምራች ግን የራስን ቁራጭ ከማሳየት ያለፈ ጥቅም ለሌለው ውድ መሣሪያ ገበያ አይገኝም ብሎ መለሰው። የኖቤሉም ሽልማት በኋላ አልደረሰውም። ይህን ሰው የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ ሊታወስ ይገባዋል።

ሌላው መነሻ አፍሪካ ነው። አለን ኮርማክ ጆሃንስበርግ የተወለደ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። በ1956 በኬፕታውን ግሩቴ ሹር ሆስፒታል የሬዲዮአክቲቭ ቁሶች አያያዝን የሚቆጣጠር የፊዚክስ ባለሙያ ጠፋና፣ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኮርማክ በሳምንት አንድ ቀን ተኩል እንዲሠራ ተጠየቀ። (ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የዓለም የመጀመሪያው ከሰው ወደ ሰው የልብ ንቅለ ተከላ የተደረገው በዚሁ ሆስፒታል ነው።) ካንሰር በጨረር ሲታከም የሚሰጠው መጠን የሚሰላው የሰው አካል ወጥ እንደሆነ ተቆጥሮ መሆኑን ሲያይ አልተዋጠለትም። አጥንት፣ ስብ፣ አየር እንዴት እኩል ይሆናሉ? መጀመሪያ ውስጡ ምን እንዳለ መታወቅ አለበት አለ።

ከአሉሚኒየም ክብ ሠርቶ በእንጨት ከበበው፤ ጋማ ጨረር በውስጡ አሳልፎ ለካ፤ ከዚያ አሰላ። ስሌቱ እንጨቱንና አሉሚኒየሙን ለይቶ አወጣ። ነገር ግን መሐል ላይ ትንሽ የማይገጥም ቁጥር መጣ። የተሳሳተ መሰለው። ወደ ብረት ቤቱ ሄዶ ቢጠይቅ፣ ባለሙያው ክቡን ሲሠራ መሐሉ ላይ ከሌላ ዓይነት፣ ይበልጥ ከጠራ አሉሚኒየም የተሠራ ሽብልቅ አግብቶበት ኖሯል። ዓይን የማያየውን፣ ሠሪው ካልሆነ ማንም የማያውቀውን ነገር ስሌቱ ነግሮታል። ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው።

ኮርማክ ሥራውን በ1963 እና በ1964 ሲያሳትም የጠየቀው ሰው የለም ማለት ይቻላል። የጽሑፉን ቅጂ ላኩልን ካሉት ጥቂቶች አንዱ የስዊዘርላንድ የበረዶ ናዳ ጥናት ማዕከል ነበር፤ የተቆለለ በረዶ ውስጡን ለማየት አስበው ነው።

ኮርማክ የደከመበት የሒሳብ ጥያቄ እሱ ሆስፒታሉ ከመግባቱ ከ39 ዓመት በፊት ተመልሶ እንደነበርስ ያውቁ ኖሯል? ዮሃን ራዶን የተባለ ኦስትሪያዊ የሒሳብ ሊቅ በ1917፣ ዓለም በጦርነት ላይ ሳለች፣ አንድን ነገር በሚያቋርጡ መስመሮች ሁሉ ላይ ያለው ድምር ከታወቀ የነገሩ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሊሰላ እንደሚችል አረጋግጦ ጻፈ። ለራጅ ብሎ አልጻፈውም፤ ኮምፒውተርም አልነበረም። ኮርማክ ስለዚህ ጽሑፍ የሰማው የራሱን ከጨረሰ ከዓመታት በኋላ ነው።

እስቲ ወረቀትና እስክሪብቶ ያንሡ። አራት ክፍል ያለው ቤት ይሳሉ፤ ሁለት ክፍል ከላይ፣ ሁለት ከታች። በየክፍሉ ስንት ሰው እንዳለ አይታይም። ድምሩን ግን ከውጭ ያውቃሉ፦ የላይኞቹ ሁለት ክፍሎች 8፣ የታችኞቹ 6፣ በግራ በኩል ያሉት 5፣ በቀኝ በኩል ያሉት 9። ከላይ 3 እና 5፣ ከታች 2 እና 4 ቢሉ ሁሉም ድምር ይገጥማል። ከላይ 4 እና 4፣ ከታች 1 እና 5 ቢሉም እንዲሁ ይገጥማል። ከሁለት ወገን ብቻ ማየት አልበቃም ማለት ነው። አሁን አንድ ተጨማሪ ነገር ልንገርዎ፦ በሰያፍ፣ ከላይኛው ግራ ወደ ታችኛው ቀኝ ያለው ድምር 7 ነው። ሁለተኛው መልስ 9 ይሰጣልና ወደቀ። እውነቱ አንድ ብቻ ሆነ።

ሲቲ ስካን የሚሠራው ይኸው ነው። ጨረሩ አካልን አቋርጦ ሲወጣ የሚነግረን በመንገዱ ላይ ያጋጠመውን ሁሉ በድምር ነው፤ የቱ ጋ ምን እንዳጋጠመው አይነግረንም። ስለዚህ ማሽኑ ይዞራል፤ ያንኑ አካል ከመቶዎች አቅጣጫ ይጠይቀዋል። የመጀመሪያው ማሽን ሥዕል 80 በ80፣ ማለትም 6,400 ክፍሎች ነበሩት። ለእነሱ መልስ ለማግኘት 160 ልኬት በ180 አቅጣጫ ወሰደ፤ 28,800 ድምር። የዛሬው የተለመደ ሥዕል 512 በ512 ነው፤ በአንድ ቁራጭ 262,144 ክፍሎች።

ያንን የመጀመሪያ ማሽን የሠራው ሰው የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ እንዳልነበረው ያውቁ ኖሯል? ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ እንግሊዝ ውስጥ በገበሬ ቤት ያደገ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአየር ኃይል ራዳር ላይ የሠራ፣ ከዚያ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ዲፕሎማ የያዘ ሰው ነው። የቢትልስን ሸክላ ያሳትም በነበረው ኢኤምአይ ኩባንያ ተቀጥሮ ኮምፒውተር ሲሠራ ቆየ። ማሽኑ በቢትልስ ገንዘብ ተሠራ የሚለው ወሬ በዓለም ዞሯል፤ ሰነዱ የሚለው ግን አብዛኛውን ወጪ የሸፈነው የብሪታንያ መንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት መሆኑን ነው። የግብር ከፋዩን ድርሻ ለዘፋኞች መስጠት ተገቢ አይደለም።

በ1967 ሃውንስፊልድ የተዘጋ ሣጥን ውስጥ ያለውን ከሁሉም አቅጣጫ በመለካት ማወቅ ይቻላል ወይ ብሎ ተነሣ። የመጀመሪያ መሣሪያውን ያቆመው በአሮጌ የብረት መቅረጫ ማሽን አልጋ ላይ ነበር። ጨረሩ ደካማ ስለነበረ አንድ ሥዕል ለመለካት 9 ቀን፣ ለማስላት 2 ሰዓት ተኩል ፈጀ። የራጅ ቱቦ ሲገጥምለት 9 ቀኑ 9 ሰዓት ሆነ። መሞከሪያ የሚሆን የበሬ አንጎል ከቄራ ተቀብሎ በለንደን የምድር ባቡር ይዞ ይመላለስ ነበር።

ኦክቶበር 1 ቀን 1971 ለንደን ዊምብልደን፣ አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል። የአንጎል ዕጢ የተጠረጠረባት አንዲት ሴት ራሷን ማሽኑ ውስጥ አስገብታ ተኛች። በራሷ ዙሪያ ውሃ የያዘ የጎማ ከረጢት ነበር፤ ከአየር በቀጥታ ወደ አጥንት የሚደረገው ዝላይ ለዚያ ዘመን መለኪያ ስለሚከብደው በውሃ አቀራረቡት። ልኬቱ የተመዘገበበት ቴፕ በመኪና ለንደንን አቋርጦ ወደ ኩባንያው ኮምፒውተር ሄደ። ሥዕሉ ሲመለስ የራጅ ሐኪሙ ጄምስ አምብሮዝና ሃውንስፊልድ በግንባሯ በኩል ባለው የአንጎል ክፍል ክብ ጥቁር ነገር አዩ። ቀዶ ሐኪሙ ሲከፍተው ሥዕሉ ባለው ቦታ፣ ሥዕሉ ባለው ቅርጽ አገኘው። የራስ ቅል ሳይነካ፣ አየር ሳይገባበት፣ የበሽተኛ አንጎል ውስጡ በሲቲ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነው።

መላ አካል የሚያነሣውን የመጀመሪያ ማሽን የሠራው ደግሞ በሙያው የጥርስ ሐኪም የነበረው ሮበርት ሌድሊ ነው። በዋሽንግተን ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ በ1974 ሥራ ጀመረ። ድንቅነሽ ሐዳር ላይ የተገኘችውም በዚያው ዓመት ነው።

በ1979 ኮርማክና ሃውንስፊልድ የሕክምናን ኖቤል አብረው ተቀበሉ። ከሁለቱ አንዳቸውም ሐኪም አልነበሩም።

ጨረሩ ከየት ይመጣል? ቤትዎ ያለው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። የሲቲ ቱቦ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በ120,000 ቮልት ነው። ከጋለ ሽቦ የወጡ ኤሌክትሮኖች ከብርሃን ፍጥነት ከግማሽ በላይ እየበረሩ የተንግስተን ሰሌዳ ይመታሉ። ከዚያ ሁሉ ጉልበት ራጅ የሚሆነው አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ሌላው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ተንግስተን የተመረጠው የሚቀልጠው በ3,422 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ ነው። ያም አይበቃም፤ አንድ ቦታ ብቻ ሲመታ እንዳይቀልጥ ሰሌዳው በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ ይሽከረከራል።

አካልን አቋርጦ የሚያልፈው ጨረር ምን ያህል ነው? ውሃ 3.5 ሴንቲ ሜትር ያህል በወፈረ ቁጥር እንዲህ ያለውን ጨረር በግማሽ ይቀንሰዋል። ግማሽ፣ ሩብ፣ አንድ ስምንተኛ እያለ ይወርዳል። 35 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ሆድ አሥር ጊዜ ለሁለት ማካፈል ነው፤ ከ1,024 አንዱ ብቻ ይወጣል። ወፍራም ሰው ተጨማሪ ጨረር የሚያስፈልገው፣ ሥዕሉም አንዳንዴ ሻካራ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በክቡ ነጭ ሽፋን ውስጥ ያለው ነገር ምን ያህል እንደሚሽከረከር ቢያዩት ይደነግጡ ነበር። ፈጣኖቹ ማሽኖች አንድ ዙር በ0.3 ሰከንድና ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳሉ። ቱቦው ከመሐሉ 60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ነው ብለን ብናሰላ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር እየሮጠ በጠባብ ክብ ውስጥ ይዞራል፤ ወደ ውጭ የሚጎትተው ኃይል ከክብደቱ ከ25 እጥፍ በላይ ነው። 40 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ከአንድ ቶን በላይ ይሆናል። ይህ ሁሉ ሩጫ የልብን ምት ቀድሞ ለማንሣት ነው፤ ልብ ቁም ቢሉት አይቆምም።

ድሮ ግን ማሽኑ መብራት በገመድ ስለሚቀበል አንድ ዙር ዞሮ መመለስ ነበረበት፤ አለዚያ ገመዱ ይጠመጠማል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ገመዱ ቀርቶ ኤሌክትሪኩ በሚንሸራተት ቀለበት እንዲያልፍ ሆነ። በ1989 ጀርመናዊው ቪሊ ካሌንደር አልጋው ሳይቆም እየገባ፣ ቱቦውም ሳይቆም እየዞረ የተነሣ ሥዕል አቀረበ። ብርቱካን ልጣጩ ሳይበጠስ ዙሪያውን ሲላጥ አይተው ያውቃሉ? የጨረሩ መንገድ እንዲያ ነው። «ትንፋሽ ያዝ» ተብሎ በአንድ ትንፋሽ ደረትና ሆድ የሚያልቀው ከዚያ ወዲህ ነው።

የሲቲ ሥዕል እያንዳንዱ ነጥብ ቁጥር መሆኑን ያውቁ ኖሯል? መለኪያው በሃውንስፊልድ ስም ይጠራል። ውሃ 0፣ አየር 1,000 ሲቀነስ፤ ስብ ወደ 100 ሲቀነስ፤ ጠንካራ አጥንት 1,000 እና ከዚያ በላይ። አዲስ የፈሰሰ ደም ከ50 እስከ 80 ይሆናል፤ የአንጎል ሥጋ ከ25 እስከ 40። ልዩነቱ ከሺዎቹ መካከል ጥቂት አሥሮች ብቻ ነው፤ ዓይናችንም ይህን ሁሉ የግራጫ ደረጃ አይለይም። ስለዚህ የራዲዮሎጂ ሐኪሙ «መስኮት» ይከፍታል፦ አንጎል ሲያይ ከ0 እስከ 80 ያለውን ብቻ ከጥቁር እስከ ነጭ ዘርግቶ ሌላውን ይተወዋል። ያው አንድ ምስል ለሳንባ አንድ ጊዜ፣ ለአጥንት ሌላ ጊዜ ተከፍቶ ይታያል። ውጤት እስኪመጣ «ለምን ዘገየ?» የምንለው ሐኪሙ መቶዎችን ቁራጭ በየመስኮቱ ሲያይ ነው።

ስትሮክ ላይ ይህ የቁጥር ልዩነት የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። አፉ የተጣመመ፣ እጁ አልታዘዝ ያለው ሰው የደም ሥሩ ተዘግቶ ወይም ፈንድቶ ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ ሲታይ አይለይም። ለተዘጋው የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ በመጀመሪያዎቹ 4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ይሰጣል። ደም ለሚፈሰው ሰው ያው መድኃኒት ገዳይ ነው። ሲቲ ስካን የፈሰሰውን ደም ነጭ አድርጎ ወዲያው ያሳያል። ከመዘጋት የመጣ ስትሮክ ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ላይታይ ይችላል። «ምንም የለም ተባልን፣ ማሽኑ አይሠራም» የሚሉ ቤተሰቦች ይህን ይወቁልኝ፦ እንዲህ ባለ ሕመምተኛ ላይ «ደም የለም» ራሱ ትልቅ መልስ ነው።

በክንድ የደም ሥር የሚሰጠው ኮንትራስት የሚባለው መድኃኒት አዮዲን ነው፤ እንቅርትን ለመከላከል ጨው ውስጥ የሚጨመረው ያው ንጥረ ነገር። የአዮዲን አቶም 53 ኤሌክትሮን አለው፤ ውሃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን 8 ብቻ። አቶሙ በከበደ ቁጥር ራጅ የመዋጥ ኃይሉ እጅግ ይጨምራልና የደም ሥሮች በሥዕሉ ላይ ይበራሉ። ሲገባ ሙቀት በሰውነት ይሰራጫል፣ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ይመጣል፣ አንዳንዱ ሽንቱ ያመለጠው ይመስለዋል። አላመለጠውም። በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል።

«ኤም አር አይ ይበልጣል» ሲባል ይሰማል። ለአከርካሪ ነርቭ፣ ለጉልበት ጅማት አዎን። ለተቀጠቀጠ ራስ፣ ለሳንባ፣ ለተሰባበረ አጥንት ግን ሲቲ ፈጣንና የተሻለ ነው።

ከሆስፒታል ውጭ የዋለበትን ሁለት ብቻ ልጥቀስ። ዘርዓሰናይ ዓለምሰገድ በ2000 ዲኪካ ላይ ያገኛት ሕፃኗ ሰላም፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆናት፣ በፈረንሳይ ግሬኖብል በሚገኘው ግዙፍ የሲንክሮትሮን ጨረር ተነሥታለች። ጥርስ ሲያድግ በየቀኑ ረቂቅ መስመር ይተዋል፤ የዛፍ ቀለበት ዓመት እንደሚቆጥር ጥርስ ቀን ይቆጥራል። መስመሮቹ ተቆጥረው በ2020 የታተመው ውጤት ስትሞት ዕድሜዋ 861 ቀን እንደነበር አሳየ። ሁለተኛው የዓይን ጌዲ ብራና ነው። በሙት ባሕር ዳር በጥንት እሳት ከስሎ፣ ሲነኩት የሚፈረካከስ ጥቅል ነበር። ብሬንት ሲልስ የተባለ የኮምፒውተር ሊቅና ባልደረቦቹ በሲቲ የተነሣውን ምስል ይዘው፣ በኮምፒውተር ውስጥ ንብርብሩን ፈትተው ዘረጉት፤ የኦሪት ዘሌዋውያን መጀመሪያ ምዕራፎች ወጡ። ጥቅሉ እስካሁን አልተከፈተም። ብራና የሚዳሰስባት አገር ልጅ ይህን ሲሰማ ልቡ አይቆምም?

ማሽኑ አሁንም እየተለወጠ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ መለኪያው ራጁን መጀመሪያ ወደ ብርሃን፣ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጥ ነበር። በ2021 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው አዲስ ዓይነት ግን በካድሚየም ቴሉራይድ ክሪስታል እያንዳንዱን የጨረር ፎቶን አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ጉልበቱንም ይለካል። ሥዕሉ ይጠራል፣ የሚያስፈልገው ጨረር ይቀንሳል።

ስለ ጨረሩ ጉዳት በግልጽ እንነጋገር። ማንኛችንም ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ በዓመት በዓለም አማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት እንቀበላለን፤ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ከሰማይ የሚመጣው ድርሻ ከቆላው ይበልጣል። የራስ ሲቲ በግምት 2፣ የሆድ ከ8 እስከ 10 ሚሊሲቨርት ነው። ማሽኑ ሲጠፋ ጨረሩም ይጠፋል፤ በሰውነት ውስጥ አይቀርም፣ ወደ ቤት ይዘውት አይመጡም፣ ልጅ ማቀፍ አያስከለክልም። በካንሰር የመያዝን ዕድል በጥቂቱ ይጨምራል ተብሎ ይታሰባል፤ ስለዚህ ያለ ምክንያት አይነሡትም። ምክንያት ካለ ግን ከጨረሩ ይልቅ ያልታየው በሽታ ይገድላል። ልጆች ለጨረር ከእኛ ይበልጥ ስሱ ናቸውና ማሽኑ ለክብደታቸው ተስተካክሎ መሆኑን ወላጅ ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

ወረፋዎ ደርሶ ከመግባትዎ በፊት ለባለሙያው ይንገሩ፦ እርግዝና ካለ ወይም ከተጠረጠረ፣ የኩላሊት ሕመም ካለ፣ ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነ፣ ከዚህ ቀደም ኮንትራስት አሳክኮዎት ወይም ትንፋሽ አሳጥሮዎት ከሆነ። የቆየ ሲዲዎንና የጽሑፍ ውጤቱን ደግሞ ይዘው ይሂዱ። ዕጢ ይሁን ጠባሳ አላውቅም የሚያሰኝ ነጠብጣብ ከሦስት ዓመት በፊትም በዚያው መጠን የነበረ መሆኑ ሲታይ፣ ሁለተኛ መነሣት፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ይቀራል። አይጣሉት።